የቀድሞ ተማሪዎችና የኮሌጅ ስፖርት ባንድ፦ ወንበሩ የማን ነው?

ፔፕ ባንድ በአሜሪካ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች በስፖርት ውድድር ላይ ቡድን የሚያበረታታ አነስተኛ የሙዚቃ ጓድ ነው። በአብዛኛው የሚታየው በአዳራሽ ውስጥ በሚደረጉ ጨዋታዎች፣ ይልቁንም በቅርጫት ኳስና በበረዶ ሆኪ ላይ ነው። ትራምፔት፣ ትሮምቦን፣ ሳክስፎን፣ ቱባና ድራም ይዞ ከተመልካቹ መካከል ይቀመጣል፤ ጨዋታው ሲቆም ይጫወታል፣ ሲቀጥል ዝም ይላል፣ ቡድኑ ሲያሸንፍ የዩኒቨርሲቲውን መዝሙር ያሰማል። በሜዳ ላይ እየተሰለፈ ልዩ ልዩ ቅርጽ ከሚሠራው ትልቁ ማርሽ ባንድ የሚለየው በቁጥሩ ማነስና ለተወዳዳሪዎቹ ባለው ቅርበት ነው። በአንዳንድ ቦታ መጠነኛ አበል ቢኖርም አብዛኛው አባል የሚመጣው ሙዚቃውንና ቡድኑን ወዶ ነው።

ችግሩ የሚነሳው ይህ ፍቅር በምረቃ ቀን ስለማያልቅ ነው። ዲግሪውን ይዞ የወጣ፣ ሥራ የያዘ፣ ምናልባትም ልጆች ያፈራ ሰው ትራምፔቱን አንግቦ ወደ ቀድሞ ቦታው ሊመለስ ይፈልጋል። አንዳንዱ ባንድ በደስታ ይቀበለዋል፤ አንዳንዱ በዓመት አንድ ቀን ብቻ ይፈቅድለታል፤ ሌላው በሩን ይዘጋበታል። ከዚህ ሁሉ ልዩ ልዩ አሠራር በታች ያለው ግን አንድ የቆየ የፍልስፍና ጥያቄ ነው። አባላቱ ያለማቋረጥ የሚለዋወጡበት ማኅበር የማን ነው? ማኅበርን መውደድስ በማኅበሩ ላይ መብት ይሰጣል?

ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚሰማው መልስ ከስፖርቱ የተወሰደ ነው። በምህጻሩ ኤንሲኤኤ የሚባለው የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ለረጅም ጊዜ ይዞት በቆየው ደንብ አንድ ስፖርተኛ በአምስት ዓመት ውስጥ ሊሰለፍ የሚችለው ለአራት የውድድር ዘመን ነው። የአርባ ዓመት መሐንዲስ የድሮ ማሊያውን ለብሶ ወደ ሜዳ ይግባ የሚል ሰው የለም። ባንዱስ ለምን ይለያል? ይለያል፤ ምክንያቱም ያ ደንብ ከሚጠብቃቸው አንዱና ዋናው ተጋጣሚው ቡድን ነው። የጠነከረ ጎልማሳ በሃያ ዓመት ወጣቶች ላይ ቢሰለፍ የሚበደሉት ወዲያ ማዶ የቆሙት ናቸው። ትሮምቦን የሚነፋ ምሩቅ ግን ጎል አያገባም፤ የማንንም ነጥብ አይቀንስም። ስለዚህ ምሩቁን ከባንዱ የሚያስወጣ ምክንያት ካለ ከስፖርቱ ደንብ ሊቀዳ አይችልም። ተበዳይ ካለ የሚገኘው በባንዱ ውስጥ ነው።

ሁለተኛው መልስ የውክልና መልስ ነው። ባንዱ የተማሪው ድምፅ ነውና ተማሪ ያልሆነ ሰው ሲነፋው ድምፁ ሐሰት ይሆናል የሚል ነው። ይህ ጠንከር ያለ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ አርስቶትል ከሁለት ሺህ ዓመታት በፊት ሥሩን ነክቶታል። ‹ፖለቲካ› በተሰኘው ሥራው ሦስተኛ መጽሐፍ ውስጥ፣ ነዋሪዎቿ እየሞቱና እየተወለዱ ሳሉ አንዲት ከተማ ያችው ከተማ ሆና የምትቆየው በምን እንደሆነ ሲመረምር የቴአትር መዘምራንን ምሳሌ ያመጣል። ሰዎቹ ራሳቸው ሆነው ሳለ አንድ ጊዜ በአሳዛኝ፣ ሌላ ጊዜ በአስቂኝ ድራማ ቢዘምሩ ጓዱ አንድ አይደለም፤ ሥርዓቱ ተለውጧልና። ድምፆቹም እነዚያው ሆነው ስልታቸው ቢለወጥ ዜማው ሌላ ይሆናል ይላል። አንድን ጓድ ያንን ጓድ የሚያደርገው ሥርዓቱ እንጂ የአባላቱ ማንነት ብቻ አይደለም ማለት ነው። ይህ ከተያዘ፣ አንድ እንግዳ ሰው በባንዱ ውስጥ ስለተቀመጠ ብቻ ባንዱ የዩኒቨርሲቲው መሆኑ አይቀርም።

ነገሩ በመጋቢት 2024 በተግባር ታየ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የዬል ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ለብሔራዊው ውድድር አልፎ በዋሽንግተን ግዛት በስፖኬን ከተማ ከኦበርን ጋር ሊጫወት ተመደበ። የዬል ባንድ ግን ተማሪዎቹ በጸደይ ዕረፍት ላይ ስለነበሩ ሊመጣ አልቻለም። ከስፖኬን 90 ማይል ያህል ርቆ የሚገኘው የአይዳሆ ዩኒቨርሲቲ ባንድ ቦታውን ሸፈነ። ተማሪዎቹ የዬልን ቲሸርት ለበሱ፤ የሙዚቃ ደራሲው ኮል ፖርተር የዬል ተማሪ ሳለ የደረሰውን የዩኒቨርሲቲውን መዝሙር አጠኑ፤ ለማያውቁት ቡድን በሙሉ ልብ ተጫወቱ። ዬል ደረጃው ከእሱ በእጅጉ የላቀውን ኦበርንን 78 ለ76 አሸነፈ። ማንም ተታለልኩ አላለም። አገሩ ሁሉ ነገሩን አውቆ ተደሰተበት።

እንግዲህ ዬልን ረግጦት የማያውቅ ሰው የዬልን መዝሙር በዬል ስም ሊነፋ የሚችል ከሆነ፣ አራት ዓመት እዚያው የነፋው ምሩቅ እንዴት አይችልም? የውክልናው ክርክር እዚህ ላይ ይወድቃል። ግን ከወደቀው ክርክር ሥር የተሻለው ይገኛል። የአይዳሆ ተማሪዎች ያደረጉት ያማረው በሁለት ምክንያት ነው። የተቀመጡበት ወንበር ባዶ ነበር፤ የማንንም ቦታ አልወሰዱም። ጨዋታው ሲያልቅም ቦታው የእኛ ነው ሳይሉ ተነስተው ሄዱ። እንግዳ መሆናቸውን ያውቁ ነበር። ምሩቁ የሚፈተነው በዚሁ ነው፤ እሱ እንግዳ መሆኑን ለማወቅ ይቸገራል። መዝሙሩን በቃሉ ያውቀዋል፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፎቶግራፍ ያውቀዋል፤ ምናልባት ራሱም ፎቶግራፉ ውስጥ አለ። ቤቱ የገባ ስለሚመስለው እንግድነቱን ይረሳል።

ይህ ማለት ግን የምሩቁ ፍላጎት ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ፈላስፋው አላስዴር ማኪንታየር በ1981 ባሳተመው ‹ከምግባር በኋላ› በተባለ መጽሐፉ ከአንድ ተግባር ውጭ የሚገኝን ጥቅም ከተግባሩ ውስጥ ከሚገኝ በጎ ነገር ይለያል። ክብርና ገንዘብ በሌላም መንገድ ይገኛሉ፤ ከሌሎች ጋር በአንድ ትንፋሽ አንድን ዜማ ማንሳት የሚሰጠው እርካታ ግን ያንኑ በማድረግ ካልሆነ አይገኝም። የነሐስ መሣሪያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን የሚነፋ አይደለም። ቱባ በሳሎን ውስጥ ለብቻው ቢነፋ ግማሽ ነገር ነው፤ ጓድ ይፈልጋል። በኮሌጅ ቆይታቸው በየሳምንቱ ይጫወቱ የነበሩ ብዙ ሰዎች ከምረቃ በኋላ መሣሪያቸውን ወደ ሳጥኑ መልሰው ዳግም አያወጡትም። ይህ እውነተኛ ማጣት ነው፤ ሊታዘንለትም ይገባል።

ባንዱም ምሩቁን የሚፈልግበት ጊዜ አለ። የቅርጫት ኳስና የሆኪ ውድድር ዘመን የገናን ዕረፍት አቋርጦ ያልፋል። በታኅሣሥ መጨረሻና በጥር መጀመሪያ ተማሪው ወደየቤተሰቡ ሄዶ ጨዋታው ግን ይቀጥላል፤ ስፖርተኞቹ ባዶ በሆነ ግቢ ውስጥ ቀርተው ይሰለፋሉ። በዚያ ወቅት በከተማው የሚኖሩ የቀድሞ ተማሪዎች ተሰባስበው ቢነፉ የሚጎዳ ሰው የለም፤ የሚጠቀመው ቡድን አለ። ትንንሽ ኮሌጆችም በዓመቱ ውስጥ አንድ ቱባ የሚነፋ ተማሪ ላያገኙ ይችላሉ። ከታች የሚደግፈው ወፍራም ድምፅ የሌለው ባንድ ቀጭንና ጩኸታም ይሆናል። እዚህ ላይ ምሩቅን መከልከል ለደንብ ሲሉ ሙዚቃን መግደል ነው።

ወንበሩ ባዶ ካልሆነስ? በኤንሲኤኤ የቅርጫት ኳስ ውድድር አንድ ዩኒቨርሲቲ ይዞ ሊመጣ የሚችለው የባንድ አባል 29 ነው። ቁጥሩ ከታወቀ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ አንድ ምሩቅ ከተቀመጠ አንድ ተማሪ ቀርቷል። በመደበኛ ጨዋታ እንዲህ ያለ ገደብ ባይኖርም ችግሩ መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም። በፔፕ ባንድ ውስጥ ድራም የሚመታው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ነው፤ ምሩቁ ድራም መቺ ከሆነ ወንበሩን ሙሉ በሙሉ ወሰደው። የመጀመሪያ ትራምፔት ሚናም ውስን ነው። ከፍተኛውን ኖታ የሚያነሳው፣ አልፎ አልፎም ብቻውን የሚጫወተው ያ ሰው ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ ስውሩ ጉዳት ይከፋል። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ከጎኑ አሥራ አምስት ዓመት የነፋ ሰው ሲቀመጥ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ሊማር ይችላል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይሆናል፤ ብዙ የሙዚቃ ትውፊት የተላለፈው ታላቁን እየሰሙ በመከተል ነው። ሊደበቅም ይችላል። የጎልማሳው ድምፅ የእሱን ድካም ይሸፍንለታል፤ የተሳሳተው ኖታ አይሰማም፤ ሳይሰማ ደግሞ አይታረምም። ባንዱ ከወትሮው አምሮ ይሰማል፤ ወጣቱ ግን በመጣበት ችሎታ ይቀራል። ኮሌጅ የትምህርት ቦታ ነውና የባንዱ ስኬት የሚለካው በዚያ ምሽት ባማረው ድምፅ ብቻ አይደለም። የሚያቃጥለውን ኃላፊነት የሚሸከም ሌላ ሰው ስለሌለ ብቻ ተሸክሞ የሚያድግ ተማሪ አለ። ይህን ዕድል ከወጣቱ የሚወስድ ምሩቅ ያለ ክፉ ሐሳብ፣ በመርዳት ስም ነው የሚወስደው፤ ለዚህም ነው ጉዳቱ ቶሎ የማይታየው።

አንዳንድ በጎ ነገር ዋጋው በማለቁ ላይ ነው። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ማርሽ ባንድ ከ1936 ጀምሮ በሜዳው ላይ የግዛቱን ስም በተያያዘ ጽሕፈት ይጽፋል። በጽሕፈቱ ውስጥ ያለችውን የ‹አይ› ፊደል ነጥብ ሆኖ የሚቆመው ሱሳፎን የሚነፋ የአራተኛ ወይም የአምስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ተማሪው ያን ቦታ ለዓመታት ይጠብቀዋል፤ ደርሶት ካለፈ በኋላ ለተከታዩ ይለቃል። ያው ሰው በየዓመቱ ቢቆምበት ክብሩ ምን ይቀርለት ነበር? ይኸው ዩኒቨርሲቲ ለምሩቃኑ ያዘጋጀው መንገድም ልብ የሚባል ነው። በዓመት አንድ ጊዜ የቀድሞ አባላት ተሰብስበው ከተማሪዎቹ ጋር ሜዳ ይወርዳሉ፤ ያን ቀን የግዛቱ ስም በአንዴ አራት ቦታ ይጻፋል። ምሩቃኑ የተማሪውን ጽሕፈት አይነኩበትም፤ የራሳቸውን ይጽፋሉ። ሰፊ ሜዳ የሚሰጠውን ይህን ዕድል ሠላሳ ሰው የሚቀመጥበት የፔፕ ባንድ ጥግ አይሰጥም፤ መርሁ ግን ለሁለቱም ይሠራል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የውሳኔ ጉዳይ ነው፤ ከመጫወት ጥያቄም ይከብዳል። ባንዱ ምን ይጫወት፣ ምን ይልበስ፣ የትኛው ልማድ ይቀጥል፣ የትኛው ይቅር የሚለውን ማን ይወስናል? የብሪታንያው የፖለቲካ አሳቢ ኤድመንድ በርክ በ1790 በፈረንሳይ አብዮት ላይ በጻፈው መጽሐፍ ማኅበረሰብን በሕይወት ባሉት፣ በሞቱትና ገና ባልተወለዱት መካከል የቆመ ሽርክና አድርጎ አየው። በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ቶማስ ጄፈርሰን ደግሞ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በመስከረም 1789፣ ከፓሪስ ለጄምስ ማዲሰን በጻፈው ደብዳቤ ምድር በሕይወት ላሉት ናት ብሎ ተከራከረ፤ አንዱ ትውልድ ሌላውን ሊያስር አይችልም አለ፤ የአንድን ትውልድ ዘመንም አስልቶ 19 ዓመት አደረገው። በኮሌጅ ባንድ ውስጥ ትውልድ አራት ዓመት ነው። በበርክ ዓይን ምሩቁ ባለ ድርሻ ነው፤ ያወረሰው መዝሙርና ወግ አለና። በጄፈርሰን ዓይን ግን የባንዱ ባለቤት ዛሬ የተመዘገበው ተማሪ ነው፤ ምሩቁ ዘመኑን ኖሮበታል።

ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል፤ በባንድ ጉዳይ ግን ሚዛኑ ወደ ጄፈርሰን ያጋድላል። ምክንያቱም ወግ ሁሉ መልካም አይደለም። በኅዳር 2011 የፍሎሪዳ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ዝነኛ ማርሽ ባንድ፣ ማርቺንግ 100፣ የ26 ዓመት የሰልፍ መሪ በኦርላንዶ ከተማ ከጨዋታ በኋላ በአውቶቡስ ውስጥ በደረሰበት ድብደባ ሞተ። ድብደባው በባልደረቦች ዘንድ ክብር ለማግኘት ሊታለፍበት የሚገባ፣ ከትውልድ ትውልድ የተላለፈ ልማድ ነበር። ከዚያ በተከተለው ማጣራት ከ450 በላይ ስም ከነበረበት የባንዱ መዝገብ ውስጥ ከ100 የሚበልጡት በዩኒቨርሲቲው ያልተመዘገቡ ሰዎች መሆናቸው ተገለጸ። ለሞቱ ተጠያቂዎቹ እነዚህ ነበሩ ማለት አይቻልም፤ እንዲህ ብሎ ማቅረብም በደል ነው። የሚታየው ሌላ ነገር ነው። ማን አባል እንደሆነና ማን እንዳልሆነ የማያውቅ ተቋም በውስጡ የሚሆነውንም አያውቅም። ባንዱ እስከ 2013 ድረስ ታግዶ ቆየ፤ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ከሥልጣን ለቀቁ። ከቤቱ ወጥቶ ገና የሁለት ወር ተማሪ የሆነ ወጣት፣ በዕድሜም በዝናም የሚበልጠው ሰው “እኛ በጊዜያችን እንዲህ ነበር” ሲለው እምቢ ለማለት ድፍረቱ ጥቂት ነው። ስለዚህም ምሩቁ በባንዱ ውስጥ በተገኘ ቁጥር ስሙ ተመዝግቦ፣ ኃላፊው አውቆት መሆን አለበት። ይህን የሚቃወም ፍቅር ራሱን ይመርምር።

ምሩቅ በባንድ ላይ የሚጫነው ግን መሣሪያ ይዞ ብቻ አይደለም። ጄፈርሰን ራሱ በ1819 ባቋቋመው በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ራሳቸው የሚመሩት ቀልደኛ ፔፕ ባንድ ነበር። በታኅሣሥ 2002 ከዌስት ቨርጂኒያ ጋር በተደረገ ጨዋታ እረፍት ላይ ያሳየው ቀልድ የዌስት ቨርጂኒያን ሰዎች አስቆጣ፤ የግዛቲቱ ገዥ ሳይቀሩ ይቅርታ ይጠየቅ አሉ። በተከታዩ ዓመት የዩኒቨርሲቲው የቀድሞ ተማሪ የሆኑ ባለጸጋና ባለቤታቸው አዲስ ማርሽ ባንድ እንዲቋቋም 1.5 ሚሊዮን ዶላር ሰጡ፤ ተማሪዎቹ የሚመሩት ባንድ በስፖርት ውድድሮች ላይ የነበረውን ቦታ አጣ። አዲሱ ባንድ ለብዙ ወጣቶች የሙዚቃ ዕድል እንደከፈተ አይካድም፤ ስጦታውም በቅን ልብ የተሰጠ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከኋላ ወንበር ሆኖ ሳክስፎን ከሚነፋው ምሩቅ ይልቅ ሳይነፋ የሚወስነው ምሩቅ የበለጠ ሊያሳስብ እንደሚገባ ይህ ታሪክ ያሳያል። ሳክስፎን የሚነፋው ቢያንስ በልምምድ ላይ ይገኛል፤ ተማሪዎቹን በስም ያውቃል፤ ጨዋታው ሲቀጥል እንደ እነሱ ዝም ይላል።

የመወሰን መብት በስህተት የመወሰንንም መብት ይጨምራል። በ1904 የተመሠረተውን የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ማርሽ ባንድ በመስከረም 2020 አባላቱ ራሳቸው ተስማምተው አፈረሱት፤ ምክንያታቸው በባንዱ ውስጥ ስለነበሩ በደሎች የተሰማው ክስ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየን ነገር ጥቂት ወጣቶች ሊዘጉት ይችላሉ ወይ? ለበርክ ይህ የሚያስደነግጥ ነው። ሆኖም ስሙን ተሸክመው በየጨዋታው ተመልካች ፊት የሚቆሙት፣ ነቀፋውንም የሚቀበሉት እነሱ ናቸው። ምሩቁ ሊመክር፣ ሊያዝን፣ ሊቃወምም ይችላል፤ ድምፅ መስጠት ግን የእሱ አይደለም።

እንግዲህ የቀድሞ ተማሪ በኮሌጅ ፔፕ ባንድ ውስጥ ሊጫወት ይገባዋል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ፣ በእንግድነት ከሆነ አዎን ነው። እንግድነቱ ደግሞ በተግባር የሚታወቅ ነገር ነው። ወንበሩን የሚፈልግ ተማሪ በመጣ ሰዓት፣ ያ ተማሪ ከእሱ በችሎታ እጅግ ቢያንስም፣ ይነሳል። ብቻውን የሚጫወቱትን ክፍል ለወጣቱ ይተዋል። 29 ሰው ብቻ ለሚጓዝበት ውድድር ስሙን አያስመዘግብም። በባንዱ ምርጫ ድምፅ አይሰጥም፤ የድሮውን ልማድ የሚነግረው ሲጠየቅ ነው። በዕረፍት ጊዜ ግቢው ባዶ ሲሆን ግን ይጠራ፤ ሲጠራም ይምጣ፤ ያን ጊዜ የሚያደርገው ትልቅ ውለታ ነው። ማስተርስ ወይም ዶክትሬት የሚማረው ሰው ከዚህ ገደብ ውጭ ነው፤ ዕድሜው ምንም ቢሆን ዛሬ የተመዘገበ ተማሪ ነውና ወንበሩ ሙሉ በሙሉ የእሱ ነው።

አንድ ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። በአንዳንድ ትንሽ ኮሌጅ የባንዱ ግማሽ በየዓመቱ ምሩቅና የከተማ ነዋሪ ሊሆን ይችላል። እዚያ እንግዳ የሚባል የለም፤ ከተማውና ኮሌጁ በጋራ ያቋቋሙት ሌላ ዓይነት ባንድ ነው። የአርስቶትል ነጥብ እዚህ ይሠራል፤ ሥርዓቱ ሌላ ከሆነ ጓዱም ሌላ ነው። በዚህ ምንም ነውር የለም፤ ስያሜውና ደንቡ እውነቱን ይናገር እንጂ። ነውሩ በተማሪ ባንድ ስም የጎልማሶች ማኅበር ማቋቋም ነው።

የባንድ ኃላፊዎች ይህን ሁሉ የውድድር ዘመኑ ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ማስቀመጥ ይገባቸዋል፤ ሰው ትራምፔቱን ይዞ በር ላይ ከቆመ በኋላ የሚወጣ ደንብ ሁልጊዜ በግለሰቡ ላይ የወጣ ይመስላልና። ምሩቁም ደጋግሞ የመጫወት ጥማቱን ወደ ተማሪው ወንበር ብቻ እንዳያዞረው ያስፈልጋል። በአሜሪካ ብዙ ከተሞች ለጎልማሶች የተከፈቱ የማኅበረሰብ ባንዶች አሉ፤ በየሳምንቱ ይለማመዳሉ፣ የትምህርት ማስረጃ አይጠይቁም፣ ቱባ የሚነፋ ሰውም ሁልጊዜ ይፈልጋሉ።